ላሊበላ ጎረቤታችን ነው፦ የጎንደርና የላሊበላ በረራ ይታሰብበት

ይድረስ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ግልባጭ ለቱሪዝም ሚኒስቴር

ክቡራን፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷንም ያማታል። ዕድሜ ልኳን የተመኘችው ገናን ላሊበላ ማክበር ነው። ባለፈው ዓመት ብር አጠራቅሜ ትኬት ልቆርጥላት ሄድኩ። በዚያ ሳምንት ቀጥታ በረራ የለም፣ በአዲስ አበባ ዞራችሁ ነው የምትሄዱት አሉኝ። ለእናቴ ነገርኳት። «ልጄ፣ ላስታ እኮ ጎረቤታችን ነው። አዲስ አበባ ምን ልንሠራ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ማታ ቁጭ ብዬ ርቀቱን አሰላሁት። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በሰማይ ቀጥታ ሲለካ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ወደ 420፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ ደግሞ ወደ 335 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሲደመር 755። ከአራት እጥፍ በላይ ነው!

ሰዓቱንም አየሁት። የሀገር ውስጥ መስመር ላይ የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በዚያ ፍጥነት 180 ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ አይሞላም። ግን ተነስቶ ከፍታ መያዝ አለ፣ ዝቅ ብሎ ማረፍ አለ። ሁለቱም ማረፊያዎች ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ አገሩም ተራራ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከጎንደር ፒያሳ ማረፊያው ወዳለበት አዘዞ መውረዱ፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁ፣ ከዚያም ከላሊበላ ማረፊያ ወደ ከተማው ያለው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሲጨመር የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ይህን እናቴ ትችለዋለች።

በመኪና ግን ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው። ማክሰኝት፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ፤ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፎ ነፋስ መውጫ፣ ጋሸና፤ ከጋሸና ላሊበላ ገና ሌላ 64 ኪሎ ሜትር። ሰላም በሌለ ጊዜ ደግሞ መንገዱ እንደሚዘጋ እናንተም ታውቃላችሁ። ያን ጉልበት ይዛ ሙሉ ቀን መኪና ላይ እንድትቀመጥ አልደፈርኩም። ቀረን።

ጥያቄዬ ለእናቴ ብቻ አይደለም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11። በመካከሉ 12 ቀን አለ። ገናን ላሊበላ አክብሮ ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ መድረስ የሚፈልግ ብዙ ሰው ነው፤ ምዕመኑም፣ ከውጭ የሚመጣው ወገናችንም፣ ቱሪስቱም። የጎንደር አስጎብኚና ባለ ሆቴል ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው እነዚህን ቀናት ነው። ቢያንስ በእነዚህ 12 ቀናት ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ እንዲገናኙ ከሚመለከታቸው ጋር ተነጋገሩልን።

አዲስ አውሮፕላን ግዙ እያልኩ አይደለም። ከአዲስ አበባ ጎንደር፣ ከጎንደር ላሊበላ፣ ከላሊበላ አዲስ አበባ ቢዞር ጠቅላላው ወደ 935 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱን ከተሞች ለየብቻ ደርሶ መመለስ ግን 1,510 ይሆናል። ድሮም እኮ አውሮፕላኑ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ ሰው ያወርድና ይጭን ነበር። ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ሌላው ልመናዬ ትንሽ ናት። የበረራው ፕሮግራም እስከ ጥቅምት ይነገረን። ታኅሣሥ ላይ ቢወጣ ሰው ወይ ሐሳቡን ትቷል፣ ወይ በሌላ መንገድ ከፍሏል። ዘንድሮም የማይቻል ከሆነ ይኸው በጊዜ ይነገረን፣ ለእናቴ ምቹ መኪና ፈልጌ ደብረ ታቦር ላይ የምታድርበትን ላዘጋጅ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጎንደር ነዋሪ