ከጎጃም ለሚመጣ ሰው የባቡሩን መንገድ አትሙልን

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ! የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው፣ ስለ አዲስ አበባው ባቡር የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ።

ከኛ አገር አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው አብዛኛው ለህክምና ወይ ለጉዳይ ነው፣ ያውም መንገዱ ከተገኘ። አውቶቡስ ተራ ሲወርድ ደክሞታል፣ ማዳበሪያውን ተሸክሟል፣ ወዲያው የኮንትራት ታክሲ ይከበዋል። አክስቴን ጥቁር አንበሳ ለማድረስ የጠየቋት ብር ከማርቆስ ከመጣችበት የሚተናነስ አልነበረም፣ በጣም ነው ያናደደኝ!! ባቡሩ እኮ እዛው በአውቶቡስ ተራ ነው የሚያልፈው። ወደ ቃሊቲ የሚሄደውን ይዞ ለገሃር መውረድ ነው፣ ከዛ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ትንሽ በእግር፣ አለቀ። መራመድ የማይችል በሽተኛ እንኳን ቢሆን ከለገሃር ታክሲ ቢይዝ ይሻለዋል።

ባቡሩ ከመስከረም 2008 ጀምሮ እየሰራ ነው፣ ሁለት መስመር 39 ጣቢያ አለው፣ ከምድር በታች የሚሄድ ሳይሆን አብዛኛው በድልድይና በመንገዱ መሃል ነው፣ ስለዚህ ሰዉ ያየዋል ግን የት እንደሚያደርሰው የሚነግረው የለም። አዲስ ሰው የሚደናገረው ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃርና ስታዲየም ላይ ነው፣ እነዚህ 5 ጣቢያዎች ላይ ሁለቱም መስመር በአንድ ሃዲድ ነው የሚሄደው። ከአውቶቡስ ተራ ተነስቶ መገናኛ ወይም አያት የሚሄድ ሰው ከነሱ በአንዱ ወርዶ እዛው በቆመበት የአያቱን ይጠብቅ፣ መሻገር አያስፈልገውም። ጦር ኃይሎች የሚሄደው ግን ልደታ ወርዶ ወደ ማዶ ይሻገር። ከስታዲየም በኋላ ይለያያሉ፣ አንዱ በእስጢፋኖስ ወደ አያት ሌላው በመስቀል አደባባይ ወደ ቃሊቲ፣ ስለዚህ ከመሳፈር በፊት የት እንደሚሄድ መጠየቅ ነው። ትኬቱም የሚቆረጠው ከመሳፈር በፊት ነው፣ መውረጃን ተናግሮ፣ እስኪወርዱም አለመጣል።

ችግር የለውም እያልኩ አይደለም፣ የሚሰሩት ባቡሮች ትንሽ ስለሆኑ ይጠበቃል፣ ጠዋትና ማታ ግፊያው ሌላ ነው፣ ስልክና ብር በእጅ ይዞ መቆም አይቻልም። ቢሆንም ድሃ ለሆነ ሰው ከኮንትራት ታክሲ በጣም ይረክሳል።

የምለምናችሁ የሁለቱን መስመር ጣቢያዎች በቅደም ተከተል፣ በትልልቅ ፊደል፣ ለየትኛው ሆስፒታልና መስሪያ ቤት የት እንደሚወረድ ጨምራችሁ በአንድ ገፅ አትሙልን። እኛ ቆርጠን ማርቆስ መናኸሪያ እንለጥፈዋለን፣ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላምም እንልካለን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ