የሐሙሱ ጥናታችን

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት እንደተለመደው ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር እንገናኝ። የምናነበው መክብብ ምዕራፍ 5ን ነው። ሰባኪው ገንዘብ ክፉ ነው አላለም፤ ገንዘብ የሚወድ ገንዘብ አይጠግብም ነው ያለው። እኔን የያዘኝ ግን የእንቅልፉ ነገር ነው፤ ሠራተኛው ጥቂትም ቢበላ ይተኛል፣ ባለጠጋውን ጥጋቡ አያስተኛውም። ባለፈው ሳምንት አንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን እንዲደርቅለት አቁሞ፣ ጥላው ሥር መረቡን ተንተርሶ ሲያንኮራፋ አየሁ። እኔ ደግሞ ዕቁብ ከደረሰኝ ወዲህ ሌሊቱን ስደምርና ስቀንስ ነው የማነጋው! (ድህነት ይጣፍጣል ማለቴ አይደለም፤ መረቡ ባዶ የወጣ ቀን እሱን መጠየቅ ነው።) ሉቃስ 12ንም አንብባችሁ ኑ፤ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ሊሠራ ያሰበው ሰውዬ በዚያች ሌሊት የተባለውን እንነጋገርበታለን። የቡና ተረኛዋ፣ ስኳሩን አደራ።