ሞሊ ደሴ ላይም ይወልዳል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ቤቱ ዓሣ ማሳደግ የሚፈልግ የደሴ ሰው ሞሊ ስለሚባለው ትንሽ የጌጥ ዓሣ ሁሌ የሚነገረው አንድ ነገር አለ። «ሞሊ እዚህ አይሆንም፣ ብርዱ ይጨርሰዋል» ይሉታል። እኔ ሆጤ ነው የምኖረው፣ ሞሊም አሳድጋለሁ። ይኖራል። ይወልዳል። የተወለዱትም አድገው ይወልዳሉ። ይህን የምጽፈው ሰው ገንዘቡን፣ ልጆችም ደስታቸውን በማይረባ ወሬ ሲያጡ ማየት ስለመረረኝ ነው።

አብዛኛው ሞሊ ወደኛ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ሲናጥ አድሮ፣ በራሱ ቆሻሻ ታፍኖ ይደርሳል። ከዚያ አምስት ሊትር እንኳ የማትሞላ ክብ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ጎረቤቴ ስትገዛ ሻጩ ያላት «አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ምንም አይፈልግም፣ ዳቦ ፍርፋሪ ጣል ጣል ማድረግ ነው» ነበር። ሳምንት ሳይሞላ አለቁባት። ጥፋቱም በደሴ ብርድ ተሳበበ።

የገደላቸው ግን አሞኒያ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ይጨምራል። ይህን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ አኳሪየም (የዓሣ ማሳደጊያ የመስታወት ሳጥን) ውስጥ ግን እነሱ ገና የሉም። የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ በደንብ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሰዉ ደግሞ ውሃው ደፈረሰ ብሎ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ሙሉ በሙሉ ይደፋዋል፣ ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ አሽቶ ያጥበዋል። ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል፣ ነገሩም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስፖንጅ የሚታጠበው ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ነው። አቋራጭ የሚፈልግ ሰው ዓሣ ካለው ወዳጁ የቆየ ስፖንጅ ቁራጭ ለምኖ አዲሱ ፊልተር ውስጥ ይክተት። ይህን የሚናገር ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ዓሣ ማሳደግ ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። 80 ሊትር አኳሪየም በሳምንት ሩቡ ይቀየራል፣ ይህም አንዲት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የወጣው ውሃ ደግሞ አይደፋም፣ ናይትሬት ስላለው ለአትክልት ማዳበሪያ ነው፤ እኔ ቆስጣዬን አጠጣበታለሁ። አዲሱን ውሃ ከቧንቧ ቀድታችሁ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ክፍቱን አንድ ቀን አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይወጣል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። ሞሊ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፣ ማዕድን የበዛበትን ጠንካራ ውሃ ይወዳል። ማዕድን ባነሰበት ለስላሳ ውሃ ውስጥ ግን ባለበት ቆሞ ሲንዘፈዘፍ ታዩታላችሁ፣ ክንፉንም ይሰበስባል።

ብርዱን አልክድም። ሞሊ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ደሴ ሌሊቱን ከ10 ዲግሪ በታች ትሆናለች፣ ማሞቂያ የሌለው ውሃም ሳሎን ውስጥ ቢሆን ከ20 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሂተር የግድ ነው። ለ80 ሊትር 100 ዋት ይበቃል፣ ክፍሉ በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ 150። መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ወይም በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት፣ ከላይ ትንሽ ክፍተት ተዉለት፣ ምግብ አትስጡ። የፈላ ውሃ አትጨምሩበት! ቀስ ብሎ የሚወርድ ሙቀት ዓሣን ብዙ አይጎዳውም፣ ድንገተኛው ነው የሚጥለው። መብራቱ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ከመጣ ደግሞ ፊልተሩን ዝም ብላችሁ አታስነሱት፤ ውስጡ የታፈነው ባክቴሪያ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ቆሻሻው ተመልሶ እንዳይገባ መጀመሪያ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቁት።

ከብርዱ ይልቅ ማንም የማያነሳው ከፍታችን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። የውጭ አገር መመሪያዎች ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ሲሉ የኛን ከፍታ አስበው አይደለም። እኛ ቁጥሩን እንቀንስ። የአየር ፓምፕም ይኑር፣ የውሃው ፊት ቀንም ሌሊትም ይንቀሳቀስ። ጠዋት ጠዋት ዓሦቻችሁ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ካያችሁ ርቧቸው አይደለም፣ አየር አጥሯቸው ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ሞሊ ዕንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል። ወንዱን ለመለየት ሆዱ ስር ያለውን ክንፍ እዩት፣ እንደ ቀጭን ዘንግ የሾለ ነው፤ የሴቷ ግን ማራገቢያ ይመስላል። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይኑር፣ አለዚያ አንዷን ሲያሳድድ ይውላል። ሴቷ የወንዱን ዘር ለወራት ማስቀመጥ ስለምትችል ብቻዋን የተገዛችውም ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። እርግዝናው አንድ ወር ገደማ ነው። ቀኗ ሲደርስ ሆዷ ከሥር አራት ማዕዘን ይይዛል፣ ጥግ ይዛ ትቆማለች፣ ምግብም ትተዋለች። ጫጩቱ ተጣጥፎ ይወጣና ወደ ጠጠሩ ይሰምጣል። ትንሽ ቆይቶ ይዘረጋል፣ አንዴ ይንፈራገጣል፣ ከዚያ ሽው ብሎ ወደ ላይ። ዓይኑ ብቻ ነው ጎልቶ የሚታየው። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 100 ሊወለዱ ይችላሉ፣ የመጀመሪያዋ ወሊድ ግን ጥቂት ናት።

እናትየው ካገኘቻቸው ትበላቸዋለች። ለዚህ ብለው ጠባብ የፕላስቲክ ማዋለጃ ሳጥን የሚሸጡ አሉ፣ እኔ አልመክርም፤ የደረሰች ሞሊ ስትነካካ ትደነግጥና ያለጊዜዋ ልትጥል ትችላለች። ከዚያ ይልቅ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ጥቅጥቅ አድርጉ፣ ከሌለም ንጹሕ የናይለን ገመድ ተርትራችሁ አንሳፍፉበት። ጫጩቶቹ እዚያ ውስጥ ይሸሸጋሉ። በቀን ሦስት አራቴ ደቅቆ የተፈጨ የዓሣ ምግብ ስጧቸው። የተቀቀለ ዕንቁላል አስኳልም ይሆናል፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የምታህል ብቻ፣ ከበዛ ውሃውን ያበላሻል። ትልልቆቹ የተቀቀለ ቆስጣ ሲያገኙ እንዴት እንደሚሻሙ ማየት ነው፤ ሞሊ አልጌና ቅጠል በል ነው፣ ዳቦና እንጀራ ለሱ ምግብ አይደለም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ደሴ ላይ የተወለደ ሞሊ የኛን ውሃና ከፍታ ለምዶ ያደገ ነው፣ የረጅም መንገድ እንግልትም የለበትም። ታዲያ ለምን ከአዲስ አበባ እናስጭናለን? ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሞቃት ናት፣ የሂተር ወጪም ይቀንስላታል። እዚያ ያላችሁ ወጣቶች በደንብ ብታራቡ ሁለቱንም ከተማ ትመግባላችሁ። ሻጮችም ክብ ብርጭቆውን ተዉትና ለገዢው ስለ ሂተሩ፣ ስለ ፊልተሩና ስለ ሳምንቱ ሩብ ውሃ ንገሩት። ገዢው ዓሣው ሲኖርለት ነው ተመልሶ የሚመጣላችሁ። ሆዷ የተነፋውን ባሉን ሞሊም ባታመጡ ደስ ይለኛል፣ ያ ቅርጽ የመጣው አከርካሪዋ እንዲጣመም ተመርጦ በመራባቱ ነው።

የበዛባችሁ ደግሞ ቦርከና ወንዝ ወይም ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ወስዳችሁ እንዳትለቁ። ሞሊ የሚስማማው ሞቃት ውሃ ካገኘ ማንም አያስቆመውም፣ ከአገሩ ውጭ ተለቅቆ የተዛመተባቸው አገሮች አሉ። እዚያ ሐይቅ ውስጥ ያለው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ራሱ በሰው እጅ የገባ ዓሣ ነው፣ ገብቶም ቀረ። የተረፋችሁን ለጎረቤት ስጡ፣ ለትምህርት ቤት ስጡ፣ ለሻጭም መልሱ። ወንድና ሴት ተለይተው የሚታወቁት ሁለት ወር ገደማ ሲሞላቸው ስለሆነ፣ ያኔ ብትለዩዋቸው ቁጥሩ ከእጃችሁ አይወጣም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ