ሆጤ ከመግባታችን በፊት የት ነበርን?

የደሴ ልጆች፣ በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ፤

ደሴ ያደገ ሰው የት እንደተማረ ሲጠየቅ የሚጠራው ሁለተኛ ደረጃዎቹን ወይዘሮ ስህንን፣ ሆጤን ወይም መምህር አካለ ወልድን ነው። ስማቸው ይገባቸዋል። ፊደል ያስቆጠረን የሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን «የቀድሞ ተማሪዬ ነህ» ብሎ የሚጠራው ሰው የለውም። ሁላችንም ወደ ትልቁ ስም ነዋ የምንሮጠው!

ይህ ጥሪ ለእነዚያ ለተረሱት የሰፈር ትምህርት ቤቶች ነው። በአንድ ጉድኝት ማዕከል (በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችን በሚያስተባብር ትምህርት ቤት) ሥር ያሉት የከተማችን አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራና የኮምፒውተር ክፍል በማዕከሉ ግቢ ልናደራጅ ተነስተናል። «ገንዘቡ ለየትምህርት ቤቱ ለምን አይከፋፈልም?» ያላችሁን አላችሁ። ቢከፋፈል ለአንዱ ጥቂት ኮምባይንድ ዴስክ፣ ለሌላው አንድ ማይክሮስኮፕ ይደርሰዋል፤ ማይክሮስኮፑም እንዳይሰበር ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። አንድ ቦታ ከሆነ ግን ልጆቹ በፕሮግራም እየተፈራረቁ ይገቡበታል።

ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ የመማሪያ ክፍሎቻችን ለተፈናቃይ ወገን ማደሪያ ሆነው ነበር። በ2014 ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ ደግሞ በደሴም በኮምቦልቻም ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ጉዳቱ ገና ሳይጠገን ሥርዓተ ትምህርቱ ተለወጠ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። በ2015 በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። በእኔ እምነት ያ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ የመጣ አይደለም። አራተኛ ክፍል አጥርቶ ማንበብ ያቃተው ልጅ ነው እየተንከባለለ እዚያ የደረሰው።

ስለዚህ ጀባ በሉን። ለቅሬ (ለዕድር) ስንጠራ የማንቀር ሰዎች ለዚህም አንቀርም። ገንዘብ ያለው በገንዘብ፣ አናጺውና ኤሌክትሪሽያኑ በሙያው፣ ወጣቱ በጉልበቱ። ገንዘቡ የሚገባው በጋራ ሒሳብ ነው፤ የሚወጣውም በማዕከሉ ርዕሰ መምህር፣ በወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ሰብሳቢና ቅሬዎች በመረጡት ተወካይ ፊርማ ነው። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ወጪውም በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

መጽሐፍ ለምትልኩ አንድ አደራ አለን፦ ያረጀ የውጭ ኢንሳይክሎፒዲያ ይቅርብን። የአማርኛ ተረትና የልጆች ታሪክ፣ መዝገበ ቃላት፣ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መማሪያና አጋዥ መጻሕፍት ነው የቸገረን። ያገለገለ ላፕቶፕም እንቀበላለን፤ ቻርጀሩን ግን አትርሱብን።