የመንገደኞች የበይነመረብ ማኅበር ወዴት ያመራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ የማደርስ አስጎብኚ ነኝ። ወደ እኛ የሚመጣው መንገደኛ በዘጌ ስላለው ስለ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም አስቀድሞ የሚያውቀው፣ ብዙ ጊዜ፣ ከእርሱ በፊት የመጣ ሌላ መንገደኛ በበይነመረብ ከጻፈው ምክር ነው፤ እነዚህ በነጻ የሚመካከሩ ማኅበራት ወደፊት ምን እንደሚሆኑ የምገምተውም ካለፈው ታሪካቸው ተነሥቼ ነው።

ማንም ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችለው የጉዞ መመሪያ ድረ ገጽ ዊኪትራቭል እ.ኤ.አ. በ2003 በፈቃደኞች ተጀምሮ በ2006 ለንግድ ድርጅት ሲሸጥ፣ ከጸሐፊዎቹ ከፊሉ ወጥተው ዊኪቮያጅ የተባለ ተመሳሳይ ድረ ገጽ መሠረቱ፤ ይህም በ2013 ዊኪፒዲያን በሚያስተዳድረው ድርጅት፣ በዊኪሚዲያ፣ ሥር ገባ። አባላቱ እንግዳን በቤታቸው በነጻ የሚያሳድሩበት ካውችሰርፊንግ የተባለው ድረ ገጽም በ2011 ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ሆኖ፣ በ2020 ከብዙ አባላቱ ክፍያ መጠየቅ ጀመረ። ከዚህ እንደምረዳው፣ ማኅበሩ ሲሰፋ ወጪው ይከብዳል፣ ባለቤቱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ነባሮቹም ቅር ተሰኝተው ወደ ትናንሽ የቴሌግራም ቡድኖች ይበተናሉ። (በቅንነት የጻፈው ሲሸጥበት ማን ደስ ይለዋል?)

ለእኛ የሚያሰጋው የምክሩ መጥፋት ሳይሆን ያረጀው ሳይታረም መቅረቱ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በክረምት ማብቂያ ሞልቶ በበጋ እንደሚሳሳ፣ ከውኃውም ከፊሉ ወደ ኃይል ማመንጫ እንደሚዞር፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳምም ሴቶች እንደማይገቡ ያልተነገረው እንግዳ የሚቆጣው በጀልባ ነጂው ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ከመጪው መስከረም ጀምሮ የፏፏቴውን ሁኔታ በየሳምንቱ ለመጻፍ አስቤአለሁ፤ የሙያ ባልደረቦቼም የየደሴቱን ቢጽፉ ሥራው ይቀላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስጎብኚ፣ ከባሕር ዳር