ለአባባ፣ ከቦሎኛ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ ወገቧ ተሻላት? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ማሙሽ የሚያዝያ 27ን ቪዲዮ በቴሌግራም ልኮልኝ ደጋግሜ አየሁት። የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ ባንዲራው ከፍ ብሏል። የአርበኛ ልጆች ጎፈር ደፍተው፣ የአባቶቻቸውን ሜዳይ ደረታቸው ላይ ደርድረው ከፊት ተቀምጠዋል። ያ ሽማግሌ «ዘራፍ!» ብለው ሲነሱማ እኔም እዚህ ብድግ አልኩ። አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የሚደረገው ትልቅ ነው፣ ክብሩም ይገባል። ግን አስኮ ጫፍ ላይ የሰፈር ሰው በራሱ መዋጮ፣ በራሱ ዳቦና ጠላ እንዲህ ሲያከብር ማየት ሌላ ነው። አንጀቴ ራሰ።

አንተን ግን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁህ ከድንኳኑ ውጪ ነው። ጋቢህን ተከናንበህ አጥሩ ጋ ቆመሃል። ማሙሽን «ለምን ወንበር አልሰጣችሁትም?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ለምነነው እምቢ አለ፤ ቀኑ የአርበኞች ነው ይላል» አለኝ። ይሄን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለዚህ ነው። በስልክ ባነሳብህ «ተይው ልጄ» ብለህ ወሬ ትቀይራለህ።

ቀኑ የእነሱ መሆኑን አላጣሁትም፣ አባባ። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ሲገባ እጅ አንሰጥም ብለው ዱር ቤቴ ያሉት እነሱ ናቸው። አምስት ዓመት ተዋድቀው፣ በዚያው ቀን በ1933 ንጉሡ ከተማዋ ሲመለሱ ለማየት የበቁትም ጥቂቶች ናቸው። ይሄን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በአምቦ መንገድ በአውቶቡስ ስንሄድ ሆለታ ላይ «የጥቁር አንበሳ ጦር የተቋቋመው ከዚህ ከጦር ትምህርት ቤቱ በወጡ መኮንኖች ነው» ትለኝ ነበር። አዲስ ዓለም ስንደርስ ደግሞ ስለ አርበኛዋ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ታወራኛለህ። ከዚያ በፊት ታጠቅ ጦር ሰፈርን ስናልፍ ግን አንድ ቃል አይወጣህም። በመስኮቱ ታያለህ፣ ዝም ትላለህ።

ስለ ታጠቅ እስቲ እኔ ልናገር። በ1969 ያ ሁሉ ሚሊሻ እዚያ ሲሠለጥን አንተ ገና ጢምህ አልበቀለም። ዳዊትህ ውስጥ የምታስቀምጣትን ፎቶ አውቃታለሁ። ጠርዟ ተቦጫጭቋል። ኮፍያው ሰፍቶህ ግንባርህን ሸፍኖታል፣ ከጎንህ ያለው ልጅ ትከሻህን አቅፎ ይስቃል። ከኋላዋ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሙ ተጽፏል። ከሥሩ «ካራማራ» ትላለች፣ ሌላ ነገር የለም። አንድ ቀን ማን እንደሆነ ስጠይቅህ ፎቶዋን ቀስ ብለህ ተቀብለኸኝ ዳዊቱን ዘጋኸው።

የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር በር ደርሶ ነበር። ጅጅጋ መስከረም 1970 ተይዛ የካቲት 26 ቀን የተመለሰችው እናንተ ካራማራ ተራራ ላይ ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆናችሁ በከፈላችሁት ዋጋ ነው። በየቀበሌው ሴቱ በሶና ድርቆሽ ያዘጋጅላችሁ እንደነበር እማዬ ነግራኛለች። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ግን ያ ሁሉ ተረሳ። አንተ አንድ የውሃ ኮዳ ይዘህ በእግርህ መጣህ። ዘበኛ ሆነህ፣ ሌሊት ብርድ እየጠጣህ አሳደግከን። ሜዳይ የለህም፤ ለዚህ ነው አጥር ጋ የምትቆመው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

እዚህ ጣሊያኖችም ፋሺስት የወደቀበትን ቀን ያከብራሉ፤ በእኛ ሚያዝያ 17 ነው። እነሱ ነፃ የወጡት በ1937፣ ከእኛ አራት ዓመት ዘግይተው ነው። የምንከባከባት አሮጊት በልጅነቷ በብስክሌት ለተዋጊዎቹ ደብዳቤ ታመላልስ ነበር። ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። ዘንድሮ በተሽከርካሪ ወንበሯ እየገፋሁ አደባባይ ወሰድኳት። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት፣ ከፊት አስቀመጧት፣ አንዲት ተማሪ አበባ ሰጠቻት። እጇን ይዤ አለቀስኩ። እሷ ለራሷ ቀን የማለቅስ መስሏት እንባዬን ጠረገችልኝ። እኔ ያለቀስኩት ላንተ ነው።

ከአርበኞቹ አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ወንበሩን ይዘው የሚያቆዩት ልጆቻቸው ናቸው። እሰየው፣ ደግ አደረጉ። እናንተ ግን ራሳችሁ አላችሁ። ለኔ የአርበኞቹን ወንበር መውረስ ካለበት፣ ያንኑ አገር ሊጠብቅ ወጥቶ ቆስሎ የመጣ ሰው ነው። ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ጫማ የሚሰፉት ባለአንድ እግሩ ጋሼ የት ነው እግራቸውን የተዉት? ከሰፈሩ ልጆች ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

ስለዚህ የእድሩን ዳኛ ደውዬ አናግሬያቸዋለሁ። እንዳትቆጣኝ። የሰፈሩን የቀድሞ ወታደሮች ስም በመዝገብ እንይዛለን፣ የሞቱትን ባለቤቶችም እንጨምራለን ብለዋል። የድንኳንና የወንበሩን ኪራይ እኔ እችላለሁ። መጀመሪያ የካቲት 26ን እናክብርላቸው፤ ከዚያ ሚያዝያ 27 ሲመጣ ከአርበኛ ልጆቹ ጎን ይቀመጣሉ ተባብለናል።

ማሙሽዬ፣ አንተ ስልክህን ይዘህ አባባ ጋ ቁጭ በል። አታጣድፈው። መጀመሪያ ፎቶው ላይ ስላለው ልጅ ጠይቀው፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ። ቤተሰቦቹ ካሉ አፈላልገን እንጠራቸዋለን።

እማዬ፣ ብሩ ሰኞ ይደርስሻል። ግማሹ ለመድኃኒትሽ ነው። በቀረው ለአባባ አዲስ ሸሚዝ ግዢለት፤ ጥቁሩን ሱፉንም ላውንደሪ አስገቢልኝ። «ይበቃኛል» ቢል እንዳትሰሚው።

የምትወድህ ልጅህ