አባዬ፣ ስለ አሰቡ ዓሣ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? የጥቅምት ብርድ ገብቷል፤ ማታ ማታ በረንዳ ላይ አትቀመጥ። ወፍራሙን ጋቢ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከታች አድርጌልሃለሁ። የግፊቱ ኪኒን ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ማታ ደግመህ እንዳትወስድ።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ነው። የሐረጎን ዳገት ከወጣሁ በር ላይህ ነኝ፤ በየሁለት ሳምንቱም እመጣለሁ። ታዲያ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ፊት ለፊት ስንቀመጥ የጤፍ ዋጋ እናወራለን፣ ዜና እንሰማለን፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ እነሳለሁ። ልነግርህ የመጣሁትን ይዤው እመለሳለሁ። ሦስት ጊዜ እንደዚያ ሆነ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፣ ከደብተሯ ቀና አትልም። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወለቀ፤ ቆርቆሮው ላይ ወርውሮት ሲያበቃ አዲሱ መጥቶ እንደሆነ ለማየት በማግስቱ ጣራ ላይ ሊወጣ ሲል ያዝኩት። ባለቤቴ እጅ ነሥቷል።

«ደግሞ ልትሄዱ ነው?» ብለኸኝ ነበር ባለፈው። ገንዘብ የምናባክን ይመስልሃል። እኛ እኮ ለዚህ ብለን ነው እቁብ የምንጥለው። ሲደርሰን ልጆቹን ታላቄ ጋ አድርገን ሁለታችን እንሄዳለን። ሐረር ሄድን፤ ጀጎልን በእግራችን ዞርን፣ የቡና ገለባ አፍልተው የሚጠጡትን ቀመስን፣ ማታ ባለቤቴ ጅብ አበላ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

በሚያዝያ ደግሞ አርባ ምንጭ። ከከተማው ወደ ጨንቻ ስትወጣ ዶርዜ አለ። ቤታቸው የቀርከሃ ነው፣ ረጅም፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር የመሰለ። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል። አንዲት እናት ቤታቸው አስገቡን። ቆጮውን ከተቀበረበት ጉድጓድ አውጥተው፣ በእንሰት ቅጠል መሃል ጠፍጥፈው ምጣድ ላይ ጣሉት። ቅጠሉ ማረር ሲጀምር ገለበጡት። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ እንደ እርጥብ ሣርም፣ እንደ እርሾም ነው። በማርና በዳጣ ነው የሚበላው። ማሩ አፍህን ያጣፍጠውና ዳጣው ተከትሎ ይለበልብሃል። ባለቤቴ እንባው እየወረደ አላቆመም። ስንነሳ የተረፈውን በቅጠል ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩት። «ለመንገድ» አሉኝ።

መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ አለቀስኩ። ባለቤቴ ምን እንደነካኝ ግራ ገባው።

የእማዬ ስንቅ ነው ትዝ ያለኝ። ድርቆሹን ሰፌድ ላይ አስጥታ፣ ዶሮ እንዳይነካባት ዱላ ይዛ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። በሶው ለብቻ፣ ዳቦ ቆሎው ለብቻ፣ ቋንጣው በኒዶ ጣሳ። የጣሳውን አፍ በነጭ ጨርቅ ታስርና ቋጠሮውን በጥርሷ ታጠብቀዋለች። አንተ ኤንትሬ የጭነት መኪናህን አስነስተህ ስትወጣ ጥሩምባው ከሩቅ እስኪጠፋ በሩ ላይ ነበረች። በእሷ እጅ የተዘጋጀ ምግብ አሰብ ድረስ ስንት መቶ ጊዜ ደርሷል። እሷ ግን ባቲን እንኳ አላየችም።

ስትጠይቅህ ሰምቻለሁ። ባሕሩን አንድ ቀን አሳየኝ ስትልህ። «ለሴት የሚሆን መንገድ አይደለም፣ ሙቀቱን አትችይውም» አልካት። ሌላ ጊዜ «በሚቀጥለው» አልካት። 500 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው አባዬ፣ ባሕር ማዶ አይደለም። ከዚያ 1990 መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እማዬ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ያመጣህላትን ዛጎል ግን በየቅዳሜው ከቡፌው ላይ አንስታ ትወለውለው ነበር።

በዚያ መንገድ ላይ ነድተህ ነው ሦስታችንንም ያስተማርከን። አውቃለሁ። እግዜር ይስጥህ። ቢሆንም በዚህ ነገር ስወቅስህ ኖሬያለሁ፤ እሷ ካረፈች በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። አዲስ ቦታ ሄደን አዲስ ነገር ስቀምስ መጀመሪያ የማስበው፣ እማዬ ይሄን ብትቀምስ ምን ትል ነበር እያልኩ ነው። ቂሜ ነው ከከተማ ከተማ የሚያዞረኝ ብዬ የማስብበት ቀንም አለ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ባለፈው ቅዳሜ ትንሹ አንተ ጋ ውሎ ሲመጣ መኪና ውስጥ ምን አለኝ መሰለህ? «አባባ እኮ እማማን አሰብ ወስዷት ነበር!» አለኝ። አንድ ሳያስቀር ነገረኝ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። ከሁለት ተሰንጥቆ እሳት ላይ የተጠበሰ ዓሣ በላችሁ። እሷ እሾሁን እየለቀመች አጎረሰችህ። ሎሚ ስትጨምቅ ዓይኗ ውስጥ ገባና ሳቀች።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ልጄን እንዴት ይዋሸዋል ብዬ። ሐረጎ መሃል ላይ ስንደርስ ግን ፈራሁ።

ምክንያቱም ለመስቀል ደውዬ «እናትሽ ገበያ ወጥታለች» ብለኸኛል። ያኔ አፍ ያመለጠው ነገር ነው ብዬ ተውኩት። ሸዋ በር ላይ ቆመህ የቤትህ መንገድ ጠፍቶህ የጎረቤት ልጅ ይዞህ እንደመጣም ሰምቻለሁ። አንተ አልነገርከኝም። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፤ አንዱንም ሳታዛንፍ ዛሬም ትጠራቸዋለህ። 40 ዓመት የኖርክበት ሰፈር ግን ጠፋብህ። ቡታጋዙም ሁለት ጊዜ ሳይዘጋ አድሯል።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ልልህ ነው አባዬ። ይሄው ነው። ለማክሰኞ 3 ሰዓት ቀጠሮ ይዣለሁ። አትቆጣ። ከዚያ በኋላ ብርዱ እስኪያልፍ እኛ ጋ ውረድ። ቤቱን ማንም አይሸጠውም፣ ቁልፉም ኪስህ ውስጥ ይሆናል። እዚህ ጋቢ አያስፈልግህም። ጥንቅሽም ደርሷል፣ ትንሹ እየላጠ ይሰጥሃል።

ከማክሰኞ በፊት ግን ቅዳሜ ጠዋት እንመጣና ሐይቅ እንወስድሃለን። እስጢፋኖስ ገዳም ባለቤቴ ይዞህ ይገባል። ሴት አይገባም፤ እኔ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ስትወጡ ውሃው ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ እናስጠብሳለን፣ በሎሚና በአዋዜ። እሾሁን እኔ እለቅምልሃለሁ።

የአሰቡን ነገር ያኔ ንገረኝ። ለትንሹ እንደነገርከው ከመጀመሪያው። ቀሚሷ የትኛው ነበር? ሻሿን አስራ ነበር ወይስ ፀጉሯን ለቃው? አላርምህም አባዬ። መስማት ነው የምፈልገው።

መነጽርህንና የሆስፒታል ካርድህን ቡፌው ላይ አዘጋጅተህ ጠብቀኝ። ዛጎሉ አጠገብ አድርገው፣ እንዳይጠፋብህ።

ልጅህ
ከኮምቦልቻ